ደወሉን ማን አስጮኸው?

የድምፅና የኮምፒውተር ሠራተኛው፣ «ሽቦ» የሚሉት ልጅ፣ ሞቶ የተገኘው ከቦክስ ማሰልጠኛው አዳራሽ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ደሙ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወርዶ ወንበሩን አርሶ ወለሉ ላይ ተጠራቅሟል። እግሩ ሥር፣ ታች ካለው መደርደሪያ የመጣ የክብደት ማንሻ ክብ ብረት ወድቋል። የመታው ሰው አንዴ መትቶ አልበቃውም፤ ደጋግሞ ወቅጦታል። እንዲህ ያለ ጭካኔ ከየት ይመጣል ብሎ የሚገረም ሰው ቦክስ ማሰልጠኛ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። እዚያ ቤት ዱላ የዕለት ሥራ ነው።

ከሬሳው ይልቅ ሰውን ያባባው ግን ድምፁ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ ታች አዳራሹ ውስጥ በትልልቆቹ ስፒከሮች የሟቹ ድምፅ «ተዘጋጅ!» ይላል፤ ደወል ይጮኻል። ዙሩ ሲያልቅ «እረፍት!» ይላል። ደግሞ «ተዘጋጅ!»። ድምፁ የተቀረጸ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ጆሯቸውን ይዘው ይንሰቀሰቃሉ።

«አጥፉልኝ እንጂ ይሄን ነገር!» አለች መርማሪዋ። አጠር ያለች፣ ደረቅ፣ ለማንም ፊት የማትሰጥ ሴት ናት።

«ማን ያውቅበታል?» አለ የአዳራሹ ባለቤት፣ ላቡን በመዳፉ እየጠረገ። «ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው። የራሱ የሽቦ ጣጣ ነው።»

መርማሪዋ ሬሳው ባለበት ክፍል መደርደሪያ ላይ የተቀመጠችውን መዳፍ የማታህል ጥቁር ሳጥን አየች። የኤሌክትሪክ ገመዷን ነቀለችው። ቤቱ ጸጥ አለ።

«አለቃ፣ ይሄ ነገር ያለቀለት ነው» አለ ረዳቷ። «ገዳዩን ይዘነዋል። ታናሽ ወንድሙ ነው።»

ታናሽየው ታች አግዳሚ ላይ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ትከሻው በር የሚሞላ ቦክሰኛ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን የሚያየው ነገር የለም። እጁ ላይ የተጠቀለለው ፋሻ በወንድሙ ደም ቀልቷል። ከፊቱ እናቱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ደረቷን ትመታለች። መርማሪዋን ስታይ ተነሥታ እጅጌዋን ጨመደደች።

«ልጄ፣ ሁለት ነበሩኝ! አንዱን ገደሉብኝ። አንዱን ደግሞ ገዳይ ነው ብላችሁ ልትወስዱብኝ ነው? ባዶ ቤት ልግባ?»

«እማማ፣ ገድሎ ከሆነ አልዋሽዎትም» አለች መርማሪዋ። «ካልገደለ ግን ራሴ ፈትቼ አስረክብዎታለሁ።»

ረዳቷ ጉሮሮውን ጠረገ። አለቃው እንዲህ ያለ ቃል ስትሰጥ እንደማይወድ ያስታውቅበታል። ወደ ጥግ ወሰዳትና በሹክሹክታ አስረዳት። ከሰዓት በኋላ ለውድድር የሚዘጋጁት ብቻ ነበሩ። መብራት ጠፋ፤ አዳራሹ መስኮት ስለሌለው ድቅድቅ አለ። ቆይቶ መብራቱ መጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ደወሉ ጮኸ።

«እና?»

«እናማ ደወሉ ያለ ሽቦ አይጮህም። ይሄን ሁሉም በአንድ አፍ ነው የሚናገሩት። ደወሉ ሲጮህ ሰውዬው በሕይወት አለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም እዚህ እየተያዩ ነበር። ወደ ላይ የወጣው ታናሽየው ብቻ ነው፤ ሲወርድ እጁ በደም ተነክሯል። ጠዋት ደግሞ ‹እገድልሃለሁ!› ሲለው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሌላ ምን ይምጣ?»

መርማሪዋ የአዳራሹን ባለቤት ጠራችው።

«ደወሉ ለምንድን ነው ያለ ሽቦ የማይጮኸው?»

«ይቺ ሳጥን ሊኑክስ የሚባለውን ፕሮግራም የጫነባት ቁራጭ ኮምፒውተር ናት። መብራት ሄዶ ሲመጣ እሷ ትነሣለች፤ ድምፁ ግን አይነሣም። ሽቦ በላፕቶፑ ወይ በስልኩ ገብቶ የይለፍ ቃሉን ካልሰጣት በቀር ዲዳ ናት። ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ‹አንተ ሰው፣ ራሷ እንድትጮህ አርግልን እንጂ!› እያልኩ ስንቴ እንደተጣላሁት!»

«መብራት ሲጠፋ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ደጅ፣ ስልክ ላይ። ያውም መደማመጥ ከተቻለ! ጎረቤቴ ያለው በያጅ ያንን የብረት መቁረጫ ማሽን ለቆት ጆሮዬን በጠሰው። ወጥቼ ተጨቃጭቄዋለሁ፤ ይጠየቅ። ስመለስ መብራት መጥቷል።»

ወጌሻው ሸምገል ያለ፣ እጁ ቅባት ቅባት የሚሸት፣ ሞት እንኳ ወሬውን የማያስቆመው ሰው ነው።

«እኔማ ልጁን ይዤ ነበር፤ ታናሽየውን። ጠዋት አስመልሶት ራሱን አዙሮት ነበር። በጨለማው ሁሉ እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ ይዤለት፣ አንዴ እንኳ ከእጄ አልወጣም። ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር።»

«ዝሆን የምትሉት ቦክሰኛስ?»

«ዝሆንማ በጨለማም ከረጢቱን ይደበድባል! ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ጡጫው አልተቋረጠም። እሱ መብራት መጥፋቱንም የሰማ አይመስለኝ።» ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «ወይ ሽቦ! ስልኩ እንኳ ያውና፣ እኔ ጋ ቻርጅ ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እንደተሰካ ነው። ባትሪው ሁልጊዜ የሞተ ነው እያልን ስንስቅበት…» ብሎ አለቀሰ።

መርማሪዋ ስልኩን በዓይኗ ተመለከተች እንጂ አልነካችውም።

ዝሆን ገና ጓንቱን አላወለቀም። ላቡ ደርቆበታል፤ አፍንጫው ሥር የተጋገረ ደም አለ።

«ይሄ ደም የማነው?»

«የራሴ ነው። ታናሽየው ነው ትናንት ያደማኝ። ዛሬ ከረጢቱን ስመታ አገረሸብኝ።» ዓይኑን በጓንቱ ጀርባ አሸ። «እዚህ ቤት ደም ምን ይገርማል? ያንን ቅርጫት እይው። ፎጣው ሁሉ ደም ነው።»

«መብራቱ ሲመጣ ምን አደረግክ?»

«ቀጠልኩ። ልቀመጥ ብዬ ነበር እኮ። ሁልጊዜ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ጓንታችንን አውልቀን ውሃ እንጠጣለን፤ ሽቦ ገብቶ ድምፁን እስኪያስነሣ ወሬ እንሰልቃለን። ዛሬ ግን አሰልጣኙ ‹ጓንት አታውልቅ! መከላከያህን ንከስ! ቁም!› አለኝ። ቆምኩ። ደወሉ ጮኸ፤ መታሁ።»

«ወዲያው ጮኸ?»

«ትንሽ ቆመን ነበር። አሰልጣኙ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ነበር፤ እንደ ውድድር ቀን።»

አሰልጣኙ ፀጉሩ የሸበተ፣ አፍንጫው የተጣመመ፣ በወጣትነቱ ብዙ ሰው የጣለ ሰው ነው። መርማሪዋን ከላይ እስከ ታች አያት።

«ልጄ፣ ምን ልበልሽ? ሁለቱም ልጆቼ ናቸው። ታናሹን ከመንገድ አንሥቼ ነው ሰው ያደረግኩት።»

«መብራት ሲጠፋ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ከሪንጉ ገመድ ጋ። ቆሜ ጠበቅኩ። መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ከውጭ ነው የሚሄደው፤ ሲያሰኘው ይመጣል። ራሱ መጣ።»

«ታናሽየው ገድሎታል ይላሉ?»

ፊቱን አዞረ። «እኔ አላየሁም። ልጁ ሲቆጣ እጁን አይቆጣጠርም፤ ይሄ እውነት ነው። ሽቦ ግን ደወሉ ሲጮህ በሕይወት ነበር። ይሄን ሁላችንም ሰምተናል። በሕይወት ነበር።»

ታናሽየውን መጨረሻ ላይ ጠየቀችው። አጠገቡ ተቀመጠች።

«ገድለኸዋል?»

«አልገደልኩትም።»

«እገድልሃለሁ ብለሃል።»

«ብያለሁ።» ድምፁ ተሰበረ። «ከቦክስ ሊያስወጣኝ ነበራ! ደጋግሜ ወድቄያለሁ፤ ዛሬም አስመለሰኝ። ‹አንጎልህ እየደማ ነው፣ በቃህ፣ ዛሬ ይዤህ ነው የምወጣው› አለኝ። ውድድሩ በር ላይ ቆሞ! አሰልጣኙ ስንት የደከመበት!»

«ለምን ወጣህ ታዲያ?»

«ደወሉ ሲጮህ ሥራውን ጨረሰ ብዬ። ይቅርታ ልለው ነበር። ቀና ላደርገው ጭንቅላቱን ስይዘው ጣቶቼ ወደ ውስጥ ገቡ።»

መርማሪዋ ተመልሳ ወደ ላይኛው ክፍል ወጣች። የሟቹ ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ቦርሳው ውስጥ ነው፤ የቦርሳው ዚፕ እስከ ጥግ ተዘግቷል። የደሙ ፍንጣሪ ከቦርሳው አንድ ጎን ተነሥቶ፣ ዚፑን አቋርጦ ሌላው ጎን ድረስ ሄዷል። ከደረቀ በኋላ ያ ዚፕ አልተከፈተም፤ ቢከፈት ኖሮ ሽፋኑ ይሰነጠቅ ነበር። ክፍሉን ዞረች። ሌላ ስልክ የለም። ሌላ ኮምፒውተር የለም። ወንበሩ ላይ ልትቀመጥ ብላ ደሙን አየችና ቆማ ቀረች።

«ምን እያሰቡ ነው?» አለ ረዳቷ።

«ሳጥኗን ለኮምፒውተር ባለሙያችን አድርስልኝ። ነገ እዚህ እንድትመለስ። ሰዎቹም እዚህ ይሰብሰቡ። እናትየዋም ትምጣ።»

«እናትየዋማ ባትመጣ ይሻላት ነበር።»

«ልጁን ማን ይረከበኝ ታዲያ?» አለች።

በማግስቱ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ባለቤቱ ስልኩን ያገላብጣል። ዝሆንና ወጌሻው አንድ አግዳሚ ላይ ናቸው። አሰልጣኙ ገመዱን ተደግፎ ቆሟል። ታናሽየው እጁ ታስሮ እናቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ እጇን ጭና አትነቀንቀውም። ሳጥኗ ላይኛው ክፍል ወደ መደርደሪያዋ ተመልሳለች።

«የላይኛው ክፍል ተቆልፏል፤ ቁልፉ ይኸው» አለች መርማሪዋ። «ላይ ማንም የለም። የሟቹ ስልክና ላፕቶፕ ፖሊስ ጣቢያ ናቸው። አሁን መብራቱን አጠፋለሁ፤ እባካችሁ ከየቦታችሁ አትነሡ።»

ረዳቷ ከኋላ ኮሪደር ሄደ፤ ቆጣሪው ሥር ያለውን ብሬከር አወረደው። አዳራሹ ጨለመ። ከጎረቤት የበያጁ ማሽን ብረት ሲበላ ይሰማል።

«ስሙት» አለች በጨለማው ውስጥ። «ባለቤቱ ትናንት መብራት በጠፋ ጊዜ ከዚህ ማሽን ጋር ሲጨቃጨቁ ነበር። ማሽኑ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። በያጁን ጠይቄዋለሁ፤ ትናንት መብራት አልሄደበትም። የጠፋው እዚህ ቤት ብቻ ነው። እጅ ነው ያጠፋው፤ እጅ ነው ያበራው። ብሬከር ራሱ ወርዶ ራሱ አይነሣም።»

መብራቱ ተመለሰ።

«አሁን ጠብቁ» አለች።

ዝሆን እንደ ልማዱ ውሃ ሊያነሣ እጁን ዘረጋ። ወጌሻው አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ያኔ ከስፒከሮቹ «ተዘጋጅ!» የሚል ድምፅ ወጣ፤ ደወሉም አዳራሹን ሞላው።

እናትየው ጮኸች። «ልጄ! ልጄ ነው! ወይኔ ልጄን!» ብላ ተነሥታ ወደ ስፒከሩ ሮጠች። ወጌሻው በሁለት እጁ አቅፎ መለሳት። ባለቤቱ ስልኩ ከእጁ ወደቀ። ረዳቷ ቶሎ ብሎ ብሬከሩን መልሶ አወረደና ድምፁ ቆመ፤ የእጅ ባትሪም አበራ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ» አለች መርማሪዋ። ከልቧ ነው። «ይሄን ሳያዩ ቢነግሩዎት አያምኑም ብዬ ነው።»

«ማን አስጮኸው?» አለ ዝሆን፣ ዓይኑ ፈጦ።

«ማንም። ራሷ ናት። ዓመት ሙሉ ድምፁ የሚነሣው ሽቦ በይለፍ ቃሉ ሲገባ ብቻ ነበር፤ የደወሉ ፕሮግራም ከሱ መግባት ጋር ስለታሰረ። ትናንት ጠዋት ግን አስተካከለው። ሰው ገባም አልገባም ፕሮግራሙ ሳጥኗ ስትነሣ አብሮ እንዲነሣ አዘዘ። የሳጥኗ ድምፅ ማውጫ ዘግይቶ ስለሚነቃ ደግሞ ደወሉ ቀድሞት በባዶ እንዳይቀር፣ እስኪነቃ እንዲጠብቀው አደረገ። ባለሙያችን ከፍቶ አይቶታል፤ መብራቱ ከመጣ በኋላም በይለፍ ቃል የገባባት ሰው እንደሌለ መዝገቧ ያሳያል። ባለቤቱ ዓመት ሙሉ የለመኑት ነገር ትናንት ጠዋት ተሠርቶ አለቀ።»

«አንድ ቃል እንኳ ሳይነግረኝ!» አለ ባለቤቱ።

«አመሻሽ ላይ ሊያስደንቅዎት አስቦ ይሆናል። አልደረሰም። እንግዲህ አስቡት። ደወሉ ሲጮህ የሽቦ ስልክ ወጌሻው ጋ ተሰክቷል። ላፕቶፑ በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ደሙ ዚፑ ላይ ሳይሰነጠቅ ደርቋል። ሳጥኗ ስክሪንም ኪቦርድም የላት። በምን ገብቶ ያስጮኸዋል? አላስጮኸውም። ስለዚህ ደወሉ በሕይወት መኖሩን አይመሰክርም፤ መብራቱን በእጁ ያጠፋው ሰውም ያጠፋው ለዚህ ነው፤ ደወሉ ሲጮህ ሽቦ ሞቷል። የተገደለው በጨለማው ውስጥ ነው።»

ረዳቷ ቀስ ብሎ ታናሽየውን አየው፤ ከዚያ ካቴናውን አየው።

«በጨለማው ውስጥ ታናሽየው ወጌሻው እጅ ላይ ነበር፤ ወጌሻውም እሱ ጋ። ዝሆን ከረጢቱን ሲደበድብ ሁሉም ሰምቶታል። ባለቤቱን በያጁ አይቷቸዋል። ብሬከሩና ደረጃው አንድ ኮሪደር ላይ ናቸው። የት እንደነበረ የሚመሰክርለት የሌለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ሪንጉ ዞረ። አሰልጣኙ አልተንቀሳቀሰም።

«ጨለማ ውስጥ ማን ማንን ያያል?» አለ። «ቆሜ ነበር አልኩሽ።»

«ይሁን፤ ቆመው ነበር እንበል። መብራቱ ሲመጣ ለዝሆን ‹ጓንት አታውልቅ› ያሉት ለምንድን ነው? ዓመት ሙሉ መብራት በተመለሰ ቁጥር ጓንት ይወልቃል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ሽቦ ይጠበቃል። እርስዎም አብረው ይቀመጣሉ። ትናንት ግን መከላከያ አስነክሰው፣ እጅዎን አንሥተው ደወሉን ጠበቁት። ደወሉ ራሱ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። መቼ እንደሚመጣም ያውቁ ነበር።»

«ጠዋት አዳራሹን የሚከፍተው እሱ ነው» አለ ወጌሻው፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ሽቦም ጠዋት ነው የመጣው።»

«ሲሞክረው አብረው ነበሩ። ለሌላ ሰው አልነገረም፤ ከወንድሙም ጋር ተኳርፈዋል። እርስዎ ግን ሰሙ። ያለ ሰው የሚጮህ ደወል፣ ሁሉም ግን ሰው አስጮኸው ብሎ የሚያምነው። ብሬከሩን አወረዱ፣ ወጡ፣ መቱት፣ እጅዎ ላይ ያለውን ደሙን በፎጣ ጠርገው ቅርጫቱ ውስጥ ከሌላው ደም ጋር ጣሉት። ከዚያ መብራቱን አበሩና መጥተው ቆሙ። ዝም ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ማን ይደርስብዎት ነበር? እርስዎ ግን ደወል ሊጮህ ሲል ልጅዎ ተዘጋጅቶ ካልቆመ አያስችልዎትም። ዕድሜ ልክዎን እንዲህ ነው የኖሩት።»

አሰልጣኙ ገመዱን ለቀቀ። ጡጫው በድንገት ወጣ፤ ረዳቷን መንጋጋው ላይ አግኝቶት ግድግዳው ጋ ጣለው። የእጅ ባትሪው ተንከባለለ። በሩ ጋ ሳይደርስ ዝሆን ከወገቡ ይዞ ከመሬት ጋር አጣበቀው። ረዳቷ አፉን በደም ሞልቶ ተነሣና የወደቀውን ባትሪ አንሥቶ አበራባቸው።

«አንድ ውድድር!» አለ አሰልጣኙ፣ ጉንጩ ወለሉ ላይ ተጣብቆ። «አንድ ውድድር ነበር የቀረን! ‹ፌዴሬሽን ሄጄ አስከለክለዋለሁ› አለኝ፣ ያ ሽቦ የሚቀጥል! ስለ ቡጢ ምን ያውቅና? አንተን የሠራሁህ እኔ ነኝ! እኔ!»

«እኔ ስታሰርስ?» አለ ታናሽየው። ድምፁ ቀጭን ነበር። «እኔ ስታሰር ለምን ዝም አልክ?»

አሰልጣኙ ማንም ወደ ላይ ይወጣል ብሎ አላሰበም ነበር፤ ልጁ ወጥቶ ከተያዘ በኋላ ግን ራሱን ማዳን መረጠ።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የታናሽየውን ካቴና ፈታች። መፍታቷ አስፈላጊ ነበር፤ ግን ትንሽ ብትቆይ ይሻል ነበር። ታናሽየው ወለሉ ላይ የተያዘው ሰው ላይ ዘሎ ወጣና ፊቱን መታው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ዝሆን ሸሸ፤ ይህን እጅ ያውቀዋል። አሰልጣኙ በጥርሱ መካከል ደም እየተፋ «ምታ!» አለው። «ትከሻህን አዙር! እንዳስተማርኩህ ምታ!»

ቀኝ እጁ እንደገና ተነሣ። ማንም ሊይዘው አልደፈረም። እናትየው ናት የያዘችው። ሁለት እጆቿን አንጓው ላይ ጠመጠመች፤ ክብደቷን ሁሉ ተንጠለጠለችበት።

«አውርድ!» አለችው። «አውርድ ነው የምልህ! ልትገድለውና ልትታሰርብኝ ነው? አንተም ልትሄድብኝ ነው? አንድ ነው የቀረኝ፤ ትሰማኛለህ? አንድ!»

እጁ ቀስ ብሎ ወረደ። ፊቱን አንገቷ ውስጥ ቀብሮ እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ። ከአሰልጣኙ ላይ ጎትታ አነሣችው፤ በነጠላዋ ጫፍ የእጁን ደም ጠረገችለት።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?» አላት ወደ በሩ ስትመራው።

«ሐኪም ቤት» አለች። «ዛሬውኑ ጭንቅላትህ ይታያል። ወንድምህ የሞተው እሱን ሲል ነው።»

እሱም ተከተላት።